በእንግዳ ከተማ ስለ መመገብ

ለስብሰባ ወይም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚላከው የመንግሥት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ጧት በሆቴሉ፣ ቀን በስብሰባው አዳራሽ፣ ማታም ተመልሶ በሆቴሉ ይመገባል። የሚቀርብለትም ምግብ በሮማም ሆነ በናይሮቢ፣ በጄኔቫም ሆነ በካይሮ ያው እንቁላል፣ ያው ዶሮ፣ ያው ድንች ነው። ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ስለ ሕንጻዎቹ ቁመት ይናገር ይሆናል እንጂ ሕዝቡ በምን እንደሚኖር ቢጠይቁት መልስ የለውም። የአንድን ሕዝብ ኑሮ ለማወቅ የሚሻ ሰው ግን ከማዕዱ መጀመር ይገባዋል። ለዚህም ምሳሌ እንድትሆነን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የጥቂት ሰዓት መንገድ የሆነችውን ካይሮን እንውሰድ።

የካይሮ ሰው ዳቦን «ዐይሽ» ብሎ ይጠራዋል፤ ትርጓሜውም ሕይወት ወይም ኑሮ ማለት ነው። እኛም «እንጀራ ፍለጋ ወጣ» ስንል ምግቡን ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያውን ጭምር እናመለክታለንና ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም። ይህ ክብና ጠፍጣፋ ዳቦ ለግብጽ መንግሥት ትልቅ ጉዳይ ነው። በጥር 1969 ዓ.ም. መንግሥት ለመሠረታዊ ምግቦች የሚሰጠውን ድጎማ ለመቀነስ ባስታወቀ ጊዜ ሕዝቡ በየከተማው ተነሣ፤ ብዙ ሰውም ሞተ፤ ውሳኔውም ወዲያው ተሻረ። ከዚያም ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ በ5 ፒያስተር ሲሸጥ የቆየው የድጎማ ዳቦ 20 ፒያስተር የሆነው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በዳቦ መሸጫው ፊት የቆመውን ሰልፍ ያየ መንገደኛ፣ በስብሰባ ወረቀት ላይ «ድጎማ» የሚለውን ቃል ባነበበ ጊዜ ነገሩን ከቁጥሩ አልፎ ይረዳዋል።

ጧት ጧት በየመንገዱ ዳር የፉል ጋሪዎች ቆመው ይገኛሉ። ፉል ማለት አንገቱ በጠበበ ትልቅ ማሰሮ፣ በለዘብተኛ እሳት ሌሊቱን ሲበስል ያደረ ባቄላ ነው። ዘይት፣ ሎሚና ከሙን ተጨምሮበት በዳቦ እየተጠቀሰ ይበላል። ማንኪያው ዳቦው ነው፤ የሚጎርሰውም እንደ እኛው ቀኝ እጅ ነው። ከባቄላ ተፈጭቶ፣ ቅጠላ ቅጠል ገብቶበት በዘይት የሚጠበሰው «ጠዕሚያ» የሚባለው ምግብም ከዚሁ አይለይም።

ቀትር ሲሆን የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው፣ ተማሪውና አናጢው ወደ ኩሸሪ ቤት ይሄዳሉ። ኩሸሪ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮረኒና ሽምብራ በአንድ ሳህን ተደባልቀው፣ የቲማቲም ስጎና የተጠበሰ ሽንኩርት ፈስሶባቸው የሚቀርብ ምግብ ነው። ነጭ ሽንኩርት የገባበት አቼቶና የሚያቃጥል የበርበሬ ስጎ ለብቻ ይመጣል። ብዙዎቹ ኩሸሪ ቤቶች ከዚህ በቀር ሌላ ምግብ ስለማይሸጡ እንግዳው በምርጫ አይቸገርም፤ ትንሽ ወይም ትልቅ ሳህን ማለት ይበቃዋል። ዋጋውም ከሆቴሉ ማዕድ እጅግ ያነሰ ስለሆነ የውሎ አበሉን ይቆጥብለታል።

ለጾመኛ ሰው ደግሞ ካይሮ የምትመች ከተማ ናት። የግብጽ ክርስቲያኖች የጾም ምግባቸውን «ሲያሚ» ይሉታል፤ ይህን ቃል የሚያውቅ መንገደኛ ሥጋና ቅቤ የሌለበትን ምግብ ሊጠይቅ ይችላል። ቤተ ክርስቲያናችን በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ እስካገኘች ድረስ በእስክንድርያ መንበር ሥር ስለነበረች በጾም ሥርዓት ብዙ እንመሳሰላለን። ነገር ግን ግብጻውያን በአንዳንድ ጾሞቻቸው ዓሣ ይበላሉና በጾም ዓሣ የማይበላ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ለጤንነትና ለገንዘብ መጠንቀቅም ያስፈልጋል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና። ሰው የሚበዛበትን ቤት መምረጥ መልካም ነው፤ ምግቡ ቶሎ ስለሚያልቅ ሳይቆይ ይቀርባል። በትኩስነቱ የሚቀርበውን መብላት፣ ታሽጎ የሚሸጠውን ውሃ መጠጣት፣ ከበረዶና ካልበሰለ ቅጠል ለጥቂት ቀን መራቅ ያሻል። ዋጋ የሚጻፍበትን የዓረብ አኃዝ አስቀድሞ ማጥናትም ይጠቅማል፤ በዚህ አጻጻፍ ክብ የሚመስለው ምልክት አምስት ሲሆን ዜሮው ነጥብ ብቻ ነውና፣ ያላወቀ ሰው አምስቱን ዜሮ አድርጎ ያነባል።

በረመዳን ወር ብዙ ምግብ ቤቶች ቀን ስለሚዘጉ፣ እንግዳውም በጾመኞች ፊት በመንገድ ላይ ከመብላትና ከመጠጣት ቢቆጠብ ጨዋነት ነው። ፀሐይ በጠለቀች ጊዜ ግን በጎ አድራጊዎች በየመንገዱ ማዕድ ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን ያለ ዋጋ ይመግባሉ። «ተቀመጥ፣ ብላ» የተባለ እንግዳ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት አይገባውም፤ በእኛም አገር «እንብላ» ያለውን ሰው ቢያንስ «ይባርክ» ሳይሉ አያልፉትም።

ስለዚህ ወደ እንግዳ ከተማ የሚሄድ ሠራተኛ ቢያንስ አንድ ቀን ጉዳዩን ሲጨርስ፣ አብሮት የሚሠራውን የዚያን አገር ባልደረባ «አንተ ምሳህን የት ትበላለህ?» ብሎ ይጠይቅና ተከትሎት ይሂድ። በዚያ ማዕድ የሰማውን የኑሮ ነገር ከዘገባው ጋር ይዞ ቢመለስ፣ የላከውም መሥሪያ ቤት በእርሱ ይጠቀማል።