የባሕር ዛፍ እንፋሎት፦ የመተንፈስ ስሜትና የአፍንጫ መከፈት

ጉንፋን ወይም የሳይነስ ሕመም የጸናበት ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት አፍልቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ መታጠኑ በኢትዮጵያ የተለመደ ነው። ልማዱ «ባህላዊ» ቢባልም ዛፉ መጤ ነው። የአውስትራሊያ ተወላጅ የሆነው ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ይህም የሀገረሰብ ሕክምና አዳዲስ ዕፀዋትን እየተቀበለ የሚያድግ ዕውቀት መሆኑን ያሳያል።

የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ዋነኛ ንጥረ ነገር ሲኒዮል ይባላል። የታጠነ ሰው አፍንጫው የተከፈተ ሆኖ ይሰማዋል። ይሁን እንጂ በ1983 እ.ኤ.አ. በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት የባሕር ዛፍ ተን የአየር ፍሰት ስሜትን ቢጨምርም፣ በመሣሪያ ሲለካ አፍንጫ ለአየር መተላለፍ የሚያሳየው ተቃውሞ አልቀነሰም። ሲኒዮል ቅዝቃዜ ተቀባይ ነርቮችን ስለሚያነቃቃ ቅዝቃዜው እንደ አየር ፍሰት ይሰማል። ስለዚህ እፎይታውና የአፍንጫው መከፈት ተለይተው መለካት አለባቸው።

ይህ ሲባል ዕፁ ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ መግል የሌለበት አጣዳፊ የሳይነስ ብግነት ከነበረባቸው 152 ሕሙማን መካከል በቀን ሦስት ጊዜ 200 ሚሊግራም ሲኒዮል በእንክብል የወሰዱት፣ ማስመሰያ እንክብል ከወሰዱት ይልቅ ተሽሏቸዋል። ነገር ግን የእንክብሉ መጠን የታወቀ ሲሆን፣ ከድስቱ የሚወጣው ተን በቅጠሉ ብዛት፣ በውሃው ሙቀትና በመታጠኛው ጊዜ ርዝመት ይለያያል። የአንዱ ውጤት ለሌላው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በ2016 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ 871 የቆየ ወይም የሚመላለስ የሳይነስ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ያሳተፈ ጥናት ደግሞ፣ በተራ እንፋሎት መታጠን በምልክቶቹ ላይ ጉልህ መሻሻል እንዳላመጣ፣ አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ግን መጠነኛ ጥቅም እንዳለው አመልክቷል።

ልዩነቱ ለሕሙማን ደኅንነትም ይበጃል። የፈላ ውሃ በተለይ ሕፃናትን ለቃጠሎ ይዳርጋል፤ ጊዜያዊው እፎይታም ትንፋሽ ማጠርን የመሰለ አሳሳቢ ምልክት እየታየ ወደ ጤና ተቋም መሄድን ሊያዘገይ ይችላል።

በመሆኑም የመድኃኒት ዕፀዋት ዳሰሳዎች «ያሽላል» የሚለውን መልስ ብቻ መመዝገብ አይበቃቸውም። የቅጠሉን ዝርያና መጠን፣ የአዘገጃጀቱን ሥርዓት፣ እንዲሁም የተሻለው ስሜቱ ይሁን በሽታው ለይተው ቢመዘግቡ፣ የሀገረሰቡ ዕውቀት በቤተ ሙከራ ሊፈተን የሚችል መላምት ይሆናል።