ለገዢ የተዘጋ ጋዜጣ፦ ኡዌስት ፍራንስና የአሳታሚ ኃላፊነት

የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ልገሳን ነው፤ ትምህርት ቤት ማሠራትን፣ ችግኝ መትከልን፣ ለተፈናቀለ ሰው ብርድ ልብስ ማደልን። ሲሚንቶ ወይም ጨርቅ ለሚያመርት ኩባንያ ይህ አስተሳሰብ ብዙም አያስቸግርም። ምርቱ አንድ ነገር ነው፣ ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው ደግሞ ሌላ። የጋዜጣ አሳታሚ ጉዳይ ግን ይለያል። አሳታሚው በየቀኑ የሚሸጠው ነገር የሰዎችን ስም፣ የምርጫን ሂደትና የከተማ ምክር ቤትን ውሳኔ የሚነካ ስለሆነ ኅብረተሰቡን የሚጠቅመውም የሚጎዳውም በዋናነት በዚያው በምርቱ ነው። ስለዚህ የጋዜጣ አሳታሚ ኃላፊነት ሊለካ የሚገባው ከትርፉ ቆርሶ በሚለግሰው ሳይሆን ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያትምና ምን ሳያትም እንደሚተው በማየት ነው እላለሁ። ለዚህ ክርክር በምዕራብ ፈረንሳይ ከሚታተመው ኡዌስት ፍራንስ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም፤ ጥንካሬውም ድክመቱም በአንድ ቤት ውስጥ ይገኛልና።

ኡዌስት ፍራንስ ዋና መሥሪያ ቤቱ በብሪታኒ ዋና ከተማ በሬን ሲሆን፣ በብሪታኒ፣ በኖርማንዲና በሎዋር አካባቢ ይሠራጫል። የክፍለ ሀገር ጋዜጣ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፓሪሶቹን ታላላቅ ጋዜጦች ቀድሞ በፈረንሳይ በብዛት የሚሸጥ ዕለታዊ ጋዜጣ ሆኗል፤ በቅርብ ዓመታትም ሥርጭቱ በቀን ወደ 600 ሺህ ቅጂ ገደማ ነው። የብዛቱ ምክንያት በየአካባቢው የሚለዋወጡት ገጾቹ ናቸው። የፊት ገጹ ስለ ዓለም ቢያወራም፣ ወደ ውስጥ ሲገለጥ የገበሬው የወተት ዋጋ፣ የመንደሩ የእግር ኳስ ቡድን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባና የሟቾች ማስታወቂያ ይገኝበታል። ብዙው ቅጂ ከንጋት በፊት በአዳዮች እጅ የደንበኛው ቤት ይደርሳል።

የዚህ ጋዜጣ የኃላፊነት ስሜት ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መመለስ ያሻል። ከእሱ በፊት በሬን የነበረው ሉዌስት ኤክሌር ሲሆን፣ በ1899 ያቋቋሙት አባ ፌሊክስ ትሮሹና ኤማኑዌል ዴግሬ ዱ ሉ የተባሉ ካቶሊኮች ነበሩ፤ ሪፐብሊኩን የተቀበለ የካቶሊክ ድምፅ እንዲሆን አስበው። ጀርመን አገሪቱን በ1940 ስትይዝ ጋዜጣው በወራሪው ቁጥጥር ሥር መታተሙን ቀጠለ። ከኃላፊዎቹ አንዱ የነበረው ፖል ኡታን ግን በዚህ አልስማማም ብሎ ሥራውን ተወ። ሬን በኦገስት 1944 መጀመሪያ ላይ ነፃ ስትወጣ በወረራው ዘመን የታተሙ ጋዜጦች ስለታገዱ ሉዌስት ኤክሌር ቀረ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ፖል ኡታን ካለበት ቡድን እጅ ኡዌስት ፍራንስ ወጣ። ሰዎቹ በዓይናቸው ያዩት እውነት ግልጽ ነበር። ማተሚያው ሳይቆም፣ ወረቀቱ ሳያልቅ፣ አንባቢውም ሳይሸሽ አንድ ጋዜጣ የቆመለትን ነገር ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ጠመንጃ ካነገበ ሳይሆን ገንዘብ ከያዘ ሰው ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሮቤር ኤርሳን የተባለው ባለሀብት የፈረንሳይን ጋዜጦች አንድ በአንድ ይገዛ ነበር፤ ለ ፊጋሮን በ1975፣ ፍራንስ ስዋርን በ1976፣ የሊዮኑን ለ ፕሮግሬን በ1986 ጠቅልሏል። የሬኑ ጋዜጣ አክሲዮኖች ደግሞ በወራሾች መካከል እየተበታተኑ ሲሄዱ አንድ ቀን ተሰብስበው የማይሸጡበት ምክንያት አልነበረም። የፖል ልጅ ፍራንስዋ ሬዢስ ኡታን በሚመራበት ዘመን፣ በ1990፣ መፍትሔ ተብሎ የተመረጠው ጋዜጣውን የሚይዘውን ኩባንያ ለትርፍ ባልቆመ ማኅበር ሥር ማዋል ነበር። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1901ዱ የፈረንሳይ የማኅበራት ሕግ ሲሆን ዓላማውም የሰብአዊ ዴሞክራሲ መርሆችን መደገፍ ነው። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ውጤቱ ትልቅ ነው። በሕጉ መሠረት የማኅበር አባላት ትርፍ ሊከፋፈሉ አይችሉም፤ አንድ አባል ቢለቅ ወይም ቢሞት የሚሸጠው ወይም የሚያወርሰው ድርሻ የለውም። ስለዚህ ባለሀብት ቼክ ይዞ ቢመጣ አክሲዮኑን አባብሎ የሚገዛው ግለሰብ አያገኝም። ሀብት ያላቸው ቤተሰቦች ንብረታቸውን ለልጆቻቸው ማስተላለፍ በሚመርጡበት ዓለም ይህን ማድረግ ከማንኛውም ልገሳ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ የተሰጠው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሥልጣን ነውና።

ባለቤትነቱ እንዲህ ከተበጀ በኋላ ገጹ ላይ የሚታየው ምንድን ነው? ጋዜጣው በዚያው ዘመን የወንጀልና የፍርድ ቤት ዜና የሚሠራበትን የሥነ ምግባር ሰነድ አወጣ፤ መመሪያው ሳይጎዱ መናገር፣ ሳያስደነግጡ ማሳየት፣ ሳያጠቁ መመስከር፣ ሳይፈርዱ ማጋለጥ የሚል ነው። ለአካባቢ ጋዜጣ ይህ የቃላት ጌጥ አይደለም። የፓሪስ ጋዜጣ ስለ አንድ ተጠርጣሪ ሲጽፍ አንባቢው ሰውየውን አያውቀውም፤ በትንሽ ከተማ ግን የተጠርጣሪው ልጅ በማግሥቱ የሚሄደው የጎረቤቶቹ ልጆች ወደሚማሩበት ክፍል ነው። በኦክቶበር 2021 ደግሞ ዋና አዘጋጁ ፍራንስዋ ዣቪዬ ለፍራን ጋዜጣው እስከ 2022ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ድረስ የድምፅ አሰጣጥ ግምት መጠይቆችን እንደማያሠራና በእነሱም ላይ ትንታኔ እንደማይሰጥ አስታወቀ፤ በቁጥር ላይ ጊዜ ከማባከን ሰዎችን አግኝቶ ማዳመጥ ይሻላል በሚል። በኖቬምበር 2024 ጋዜጣው ኤክስ በተባለው ማኅበራዊ መድረክ ላይ መለጠፉንም አቆመ። ሁለቱም ውሳኔዎች አንባቢ የሚስቡ ነገሮችን መተው ስለሆኑ ዋጋ ያስከፍላሉ።

የመጠይቆቹን ጉዳይ የሚቃወሙ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። ማን የማሸነፍ ዕድል እንዳለው ማወቅ ለመራጩ መረጃ ነው፤ ድምፁ እንዳይባክን የሚሰጋ ሰው ይህን ካላወቀ በጨለማ ይመርጣል፤ ደግሞም ኡዌስት ፍራንስ የተወውን ሌላው ሁሉ ያትመዋል። ትክክል ነው፤ ለእኔ ግን ክርክሩን የሚፈታው ይኸው የመጨረሻው ነጥብ ነው። ግምቱ በየቴሌቪዥኑ ሞልቶ ሳለ አንድ የአካባቢ ጋዜጣ ቢደግመው አዲስ ነገር አይጨምርም፤ የማዘጋጃ ቤቱን ስብሰባ ወይም የሆስፒታሉን የማዋለጃ ክፍል መዘጋት ካልዘገበው ግን በእሱ ምትክ የሚዘግበው አይገኝም። ውሳኔው አንባቢን መረጃ መንፈግ ሳይሆን የጋዜጠኛን ውስን ጊዜ ሌላው ወደማይደርስበት ቦታ ማዞር ነበር።

በተለመደው ትርጉም ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለውም ሥራ አለ። ኡዌስት ፍራንስ ሶሊዳሪቴ የተባለው ማኅበር አደጋ ሲደርስ ከአንባቢዎች መዋጮ ሰብስቦ ለተጎጂዎች ያደርሳል፤ ጋዜጣው ለእስረኞችም በነፃ እንዲደርስ ተደርጓል። እስረኛ ከእስር ሲወጣ ወደሚመለስበት ከተማ ዜና አለው ማለት ስለሆነ ይህን ከመዋጮው አስበልጬ አየዋለሁ። ወረቀት፣ ቀለምና በሌሊት የሚጓዙ መኪኖች በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ጉዳትም ሊቆጠር ይገባል፤ ይህ ግን ማንኛውም ፋብሪካ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች አሉበት። የመጀመሪያው ስፋቱን ይመለከታል። ኡዌስት ፍራንስን የሚያሳትመው የሬኑ ቡድን በ2005 የአንዤውን ለ ኩሪዬ ደ ሉዌስትን፣ የለማኑን ለ ሜን ሊብርንና የናንቱን ፕሬስ ኦሴያንን ገዛ። ከዚያ ወዲህ የናንት አንባቢ ጋዜጣ ሊያማርጥ ወደ ሱቅ ቢሄድ ሁለቱም ዕለታዊ ጋዜጦች ባለቤታቸው አንድ ነው። የቡድኑ መልስ እኛ ባንገዛቸው የከፋ ገዢ ያገኙ ነበር የሚል ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም እውነት ነው። ነገር ግን ራሱን ከገዢ ለማዳን ግንብ የሠራ ድርጅት ሌሎቹን ሲገዛ ግንቡ ለማን እንደተሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው። የማኅበሩ አባላት በአንባቢ የሚመረጡ ስላልሆኑ፣ ጋዜጣው ቢሳሳት በባለቤትነት ደረጃ የሚቆጣው አካል የለም። የገበያ ተቆጣጣሪነት ሲቀር የሕዝብ ተቆጣጣሪነት አልተተካም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። እነዚያን የመንደር ገጾች የሚሞሏቸው በአብዛኛው የአካባቢ ተባባሪ ዘጋቢዎች ናቸው፤ በፈረንሳይ ሕግ እንደ ተቀጣሪ ጋዜጠኛ አይቆጠሩም። የሚከፈላቸው በጽሑፍና በፎቶ ልክ ሲሆን የጋዜጠኛ መታወቂያም ሆነ የሥራ ውል ከለላ የላቸውም። አሠራሩ በመላ አገሪቱ የአካባቢ ጋዜጦች ዘንድ የተለመደ እንጂ የሬኑ ጋዜጣ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ ብዙዎቹም ጡረተኞችና ሌላ ገቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው ተብሎ ይመለሳል። መልሱ አያሳምነኝም። የጋዜጣው ልዩ ዋጋ፣ ከላይ እንደተባለው፣ ሌላው በማይደርስበት ቦታ መድረሱ ከሆነ፣ እዚያ የሚደርሱት እግሮች የእነዚህ ሰዎች ናቸው። ለሩቅ አገር ተጎጂ መዋጮ እየሰበሰቡ ይህን መርሳት «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚያሰኝ ነው።

ባለቤትነቱ መልካም ከሆነ ሌላው ሁሉ ይከተላል ብሎ መተማመንም እንደማይቻል የፍሎሪዳው ታምፓ ቤይ ታይምስ ያሳያል። ባለቤቱ ኔልሰን ፖይንተር በ1978 ሲሞት ጋዜጣውን ያወረሰው በ1975 ላቋቋመው የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ነበር። ውርሱ ጋዜጣውን ከነጣቂ ገዢ ቢጠብቀውም ማስታወቂያ ከማጣት አላዳነውም፤ በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት የወረቀት እትሙ በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ወረደ። ማኅበር ወይም ትምህርት ቤት ባለቤት ሲሆን የሚገኘው ጥቅም ትርፉ ወደ ሥራው የመመለሱ ዕድል ነው፤ ትርፍ ሲጠፋ ደግሞ ማን እንደሚጎዳ የሚወስኑት እዚያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። በፈረንሳይ ሕዝቡም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው፤ መንግሥት ጋዜጦችን በድጎማና 2.1 በመቶ ብቻ በሆነ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይደግፋልና። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ አሳታሚ ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ከተተከሉ ዛፎች ቁጥር በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ በዓመቱ ዘጋቢ ያልተገኘባቸው የምክር ቤት ስብሰባዎች ስንት እንደሆኑ፣ ስንት ስህተት በይፋ እንደታረመ፣ አንድ ተባባሪ ዘጋቢም ለአንድ ምሽት ስብሰባ ስንት ዩሮ እንደተከፈለው።