ከግጭት ቀጣና አጠገብ የሚደረግ የሕክምና ጉዞ፦ አደጋውና ጥንቃቄው

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው አምደወርቅ የሚሠራ የጤና ባለሙያ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሕመምተኛ ሲያጋጥመው ከሚያስባቸው ቦታዎች አንዱ ሰቆጣ የሚገኘው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። በሰላም ጊዜ ጉዞው የሚወሰነው በሕመሙ ክብደት፣ በአምቡላንስ መገኘትና በመንገዱ ሁኔታ ነው። በአካባቢው ግጭት ሲኖር ግን ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ይኸውም ጉዞው ሊያስከትል የሚችለው አደጋ ከሕመሙ አይብስም ወይ የሚለው ነው።

ጥያቄው ለዋግ ኽምራ እንግዳ አይደለም። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ አማራ ክልል ሲስፋፋ አካባቢውን አዳርሷል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች በርካታ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ ተፈናቅሏል። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም፣ ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የክልሉ መንገዶች አስጊ ሆነዋል።

ሕጉና መንገዱ

እ.ኤ.አ. በ1949 የወጡት የጄኔቫ ስምምነቶችና ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበለችው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል የሕክምና ባለሙያዎች፣ ተቋማትና ማመላለሻዎች እንዲጠበቁ ያዝዛሉ። ፕሮቶኮሉ የሙያ ሥነ ምግባርን ተከትሎ ለማንኛውም ወገን ሕክምና የሰጠ ሰው በዚህ ምክንያት እንዳይቀጣ ይከለክላል። ነገር ግን ሕጉ ብቻውን ጥይት አይመልስም። ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ከዋግ ኽምራ ጋር በሚጎራበተው የትግራይ ክልል፣ ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች የድርጅቱ ምልክት በግልጽ በሚታይበት መኪና ሲጓዙ ተገድለዋል። ስለዚህ ምልክት አስፈላጊ ቢሆንም በቂ መከላከያ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ከመነሣት በፊት የሚወሰኑ ጉዳዮች

አብዛኛው ጥንቃቄ የሚደረገው ሞተር ከመነሣቱ በፊት ነው። ውሳኔው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም። ሕክምናውን የሚሰጠው ባለሙያ፣ ሾፌሩና የተቋሙ ኃላፊ በአንድነት ሊመክሩበት ይገባል። ከሦስቱ አንዱ «ዛሬ አይኬድም» ካለ ጉዞው ሊቆይ ይገባል፤ እምቢታውም እንደ ፍርሃት ወይም እንደ ሥራ መበደል ሊቆጠር አይገባም። በተለይ ሾፌሩ መንገዱን በቅርብ ስለሚያውቅ ቃሉ ሊደመጥ ይገባል። አንድ አምቡላንስ ከነሾፌሩና ከነአዋላጁ ቢጠፋ የሚጎዳው በዚያ ቀን የተጫነው ሕመምተኛ ብቻ አይደለም፤ በቀጣዮቹ ወራት የሚወልዱ የወረዳው እናቶች ሁሉ ናቸው።

«ይቆይ» ማለት ግን «ይተው» ማለት አይደለም። ለኤክላምፕሲያ የመጀመሪያውን የማግኒዥየም ሰልፌት መጠን፣ ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት ደም መፍሰስ ኦክሲቶሲን ወይም ሚሶፕሮስቶል፣ ለከባድ ወባ በመርፌ የሚሰጥ አርቴሱኔት በመስጠት እስከ ንጋት ጊዜ መግዛት የሚቻልበት አጋጣሚ አለ። በሌላ በኩል የማኅፀን መቀደድ፣ የተደናቀፈ ምጥና የማይቆም ደም መፍሰስ ጊዜ አይሰጡም። በእነዚህ ጊዜ ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ የመንገዱን አደጋም ሆነ የመቆየቱን አደጋ በግልጽ ማስረዳትና ውሳኔውን በካርዱ ላይ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ጉዞው ከተወሰነ የመነሻ ሰዓት፣ መንገዱ፣ የተሳፋሪዎች ስምና የሚደረስበት ሰዓት በተቋሙ መዝገብ ይጻፋል። ተጓዦቹ በተባለው ሰዓት ካልደረሱ ማን ለማን እንደሚያሳውቅም አስቀድሞ ይወሰናል። የስልክ አገልግሎት ሊቋረጥ ስለሚችል ዕቅዱ በስልክ ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም።

በጉዞ ላይ

በአምቡላንስ ውስጥ መሣሪያ የያዘ ሰው ወይም ወታደራዊ ዕቃ ፈጽሞ መጫን አይገባም፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ ለሌላ ጊዜም አመኔታ ይጠፋል። መሣሪያውን ያስቀመጠ ቁስለኛ ግን የየትኛውም ወገን ቢሆን ሕመምተኛ ነው። በኬላ ላይ ፍጥነት መቀነስ፣ መስኮት ዝቅ ማድረግ፣ በጨለማ የውስጥ መብራት ማብራት፣ እጅን በሚታይ ቦታ ማድረግና ፎቶግራፍ አለማንሣት ይመከራል። ስለ ታጣቂዎች እንቅስቃሴ መጠየቅም ሆነ ወሬ ማቀበል የጤና ባለሙያ ሥራ አይደለም።

ውጊያ በተካሄደበት ስፍራ ያልፈነዱ ጥይቶች፣ ቦምቦችና ፈንጂዎች ውጊያው ካበቃም በኋላ ይቀራሉ፤ የክረምት ጎርፍም ከቦታቸው ሊያንቀሳቅሳቸው ይችላል። ስለዚህ መኪና ለመመለስ፣ ለመተላለፍ ወይም ለመጸዳዳት ሲባል ከተለመደው መንገድ መውጣት አይገባም። አጠራጣሪ ነገር ያየ ሰው ሳይነካው ቆሞ ሌሎችን ያስጠነቅቃል፤ በመጣበት ዱካም ይመለሳል። በፍንዳታ እጁ ወይም እግሩ ተጎድቶ ደሙ ለማይቆም ሰው ከቁስሉ በላይ ማሰሪያ ተጠብቆ ይታሰራል፤ የታሰረበት ሰዓትም ይጻፋል። ይሁንና ረዳቱ ወደ ተጎጂው ከመሮጡ በፊት መሬቱን መመልከት አለበት።

ከጉዞ መልስ የታየውን ለተቋሙ ኃላፊ ማሳወቅ ለቀጣዩ ተጓዥ ትልቅ እርዳታ ነው። በአስፈሪ ሁኔታ ያለፈ ባለሙያ ወይም ሾፌር እንቅልፍ ቢያጣ፣ ቢደነግጥ ወይም ሥራ ቢያስጠላው ሊደመጥና ሊረዳ ይገባል። በግጭት አቅራቢያ ያለ ሕዝብ ሕክምና የሚያገኘው በመንገዱ ላይ የሚመላለሱት ሰዎች በሕይወትና በጤና እስካሉ ድረስ ነውና፣ ለእነርሱ የሚደረገው ጥንቃቄ ከሕመምተኛው እንክብካቤ ተለይቶ አይታይም።