ድምፅና በእንቅልፍ ጊዜ የሚታገድ ትንፋሽ

ጉንፋን ሳይዘው ዓመቱን በሙሉ ጉንፋን እንደ ያዘው ሰው የሚናገር ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አይታጣም። «ማር» ሲል «ባር»፥ «እናት» ሲል «እዳት» ያለ ይመስላል። አፉ ዘወትር ክፍት ነው፤ ረፋዱ ላይ ያንቀላፋል፤ ወይም አርፎ መቀመጥ ተስኖት ይቁነጠነጣል። መምህሩ ይህን ልጅ ሰነፍ ነው ብሎ ከመቅጣቱ በፊት፥ ሌሊት እንዴት እንደሚተኛ ወላጆቹን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ድምፅ የሚነሣው ከማንቁርት ቢሆንም፥ መልኩን የሚያገኘው በጉሮሮ፥ በአፍና በአፍንጫ ሲያልፍ ነው። ትንፋሽም የሚመላለሰው በዚሁ መንገድ ነው። «ም» እና «ን» በአፍንጫ የሚወጡ ድምፆች ስለ ሆኑ፥ ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው አዴኖይድ የሚባለው ሥጋ አድጎ መንገዱን ሲዘጋው፥ ወደ «ብ» እና ወደ «ድ» ያደላሉ። ቶንሲልም ሲተልቅ ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ነቅተን ሳለን የጉሮሮ ጡንቻዎች መንገዱን ከፍተው ይይዙታል፤ እንቅልፍ ሲወስደን ግን ይላላሉ፤ ቀድሞውንም የጠበበው መንገድ ያን ጊዜ ይዘጋል። ደረት ይታገላል፥ አየር ግን አይገባም፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ በመጨረሻም አንጎል ለቅጽበት ይነቃና የተኛው ሰው በኀይል ይተነፍሳል። ይህ ነገር ሌሊቱን ሲደጋገም ያደረ ልጅ፥ አልጋ ላይ ቢያድርም እንቅልፍ አልጠገበም።

በዐዋቂዎች ዘንድ ብዙውን ጊዜ መንገዱን የሚያጠበው ውፍረት ወይም የመንጋጋ አፈጣጠር ነው። ፎክስ፥ ሞኖሰንና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ የሠለጠኑ አድማጮች በእነዚህ በሽተኞች አነጋገርና የድምፅ ቃና ላይ ጕድለት መኖሩን ለይተዋል። ከዚያም ወዲህ ድምፅን በኮምፒዩተር የሚመረምሩ ተነሥተዋል። ይሁን እንጂ ድምፅ ጥርጣሬን ያነሣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። በሽታው የሚረጋገጠው ሌሊት በመሣሪያ ሲለካ ነው፤ በዐዋቂ ሰው 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚቆይ የትንፋሽ መታገድ ወይም መቀነስ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። ለዚህም ኮሊን ሱሊቫን በ1981 ዓ.ም. በአውስትራልያ ያስተዋወቀው፥ በአፍንጫ ጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያ እስከ ዛሬ ዋና መድኃኒት ነው።

«እንጥሉ ወርዶ ነው» እያሉ ልጅን ወደ እንጥል ቆራጭ የሚወስዱ አሉ። ይህ ብዙ ደም የሚያፈስ፥ ቍስልንም የሚያመረቅዝ፥ ለሞትም ያበቃ ልማድ ነው፤ አዴኖይዱንም ሆነ ቶንሲሉን አይነካም። የሚያስፈልግ ሲሆን እነዚህን የሚያወጣቸው የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነው።

ወላጅ ልጁ ከተኛ በኋላ አጠገቡ ተቀምጦ ያዳምጥ። ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ ብሎ ደረቱ ብቻ ሲታገል፥ ቀጥሎም ልጁ እንደ መባነን ብሎ ሲተነፍስ ካየ፥ ያየውን በስልክ ቀርጾ ለሐኪም ያሳይ።