ጉትቻ ያደረገው ጅብ፦ አስፈሪ ገጸ ባሕርይ እንዴት ይሠራል?

በአስፈሪ የቪዲዮ ጌም ውስጥ ተጫዋቹን የሚያሳድደው ጭራቅ በአስቀያሚነቱ ብቻ አያስፈራም፤ አስቀያሚ ነገር ቶሎ ይለመዳል። ሳይለመድ የሚቆየው ግማሹ የታወቀ፣ ግማሹ ያልታወቀ ፍጡር ነው። ጃፓናዊው የሮቦት ተመራማሪ ማሳሂሮ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳስረዳው፣ ሰው ሠራሽ ነገር ሰውን እየመሰለ ሲሄድ ይወደዳል፤ ሙሉ በሙሉ ሊመስል ጥቂት ሲቀረው ግን በድንገት ይቀፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የሳይለንት ሂል 2 ጭራቅ፣ ፒራሚድ ሄድ፣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሠዓሊው ማሳሂሮ ኢቶ የሰው አካል ሰጥቶ ራሱን በግዙፍ ሹል ብረት ሸፈነው። ዓይኑ ስለማይታይ ወዴት እንደሚመለከት፣ ምን እንዳሰበ አይታወቅም።

የጎንደር ሠዓሊዎች ዓይንን ለዚሁ ሥራ ያዋሉት ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴም ሆነ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ማን ክፉ እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። ደብተራዎች በሚጽፉት ክታብ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ በሚዘጋጀው ብራና ላይ ትላልቅ ዓይኖች ይሣላሉ፤ ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለው ወርዝልያና ሌሎች አጋንንት አይተዋቸው እንዲሸሹ ነው። እዚህ ፈሪው ጭራቁ ራሱ ነው።

ከዳባትና ከደባርቅ አንሥቶ እስከ ስሜን ተራሮች ግርጌ፣ እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፣ ከማንኛውም ሥዕል ይልቅ የተሟላው አስፈሪ ገጸ ባሕርይ በአፍ ሲነገር የኖረው ነው፦ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል የሚባለው ቡዳ። ጅቡ በተፈጥሮው ግማሹን ሥራ ጨርሶለታል። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፣ ሲራመድም የሚያነክስ ይመስላል። ዓይኖቹ በጨለማ ብርሃን ሲያርፍባቸው ያበራሉ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ድምፁ ነው። ጩኸቱ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ከፍ እያለ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ይሰማል፤ ሲጨነቅና ሲጣላ የሚያሰማው ደግሞ ልክ የሰው ሳቅ ነው። ሳቁ የደስታ አለመሆኑን ማወቅ ፍርሃቱን ብዙም አይቀንስም። የጌም ሠሪዎችም ጠላትን ከማሳየታቸው በፊት ድምፁን የሚያሰሙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያልታየውን አካል ሰሚው በሐሳቡ ይሞላዋል።

በዚህ አካል ላይ አፈ ታሪኩ አንድ ትንሽ የሰው ምልክት ጨመረበት። የተገደለ ጅብ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ ይባላል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ሳይቀር ስለዚህ ጽፏል። ጥርስና ጥፍር መጨመር ለማንም አይከብድም፤ ጉትቻዋ ግን የአዋቂ ሥራ ናት። እንስሳው ከአሁን በፊት በገበያ፣ ምናልባትም በቡና ላይ የታየ ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አስፈሪ ገጸ ባሕርይ ሕግም ያስፈልገዋል። ቡዳ የሚጎዳው በማየት ነው፤ ስለዚህ ሲበሉ መከለል፣ ሕፃን ሲያደንቁ መጠንቀቅ ይገባል ይባላል። በዚህ ሕግ ፍርሃቱ ከሌሊቱ ጫካ ተነሥቶ ማዕድ ላይ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አምኔዥያ፦ ዘ ዳርክ ዲሴንት የተባለው ጌም ይህንኑ ገልብጦታል፤ ጭራቁን ትኩር ብሎ ያየ ተጫዋች አእምሮው ይናወጣል፣ ስለዚህ ፊቱን አዙሮ ጨለማ ውስጥ መደበቅ ግድ ይሆንበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኤሊየን፦ አይሶሌሽን ላይ ደግሞ ጠላቱ በተወሰነ መንገድ አይመላለስም፤ እያየና እያዳመጠ ስለሚያድን አካሄዱን መሸምደድ አይቻልም።

ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው መላመድ ነው። ሐረር ላይ ያው ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ ይጎርሳል፣ ጎብኚም ፎቶ ያነሣዋል። በብርሃን ደጋግሞ የታየ የጌም ጭራቅም ከመሰናክል የተለየ ትርጉም አይኖረውም።

በቡዳ ላይ ግን መላመዱ አልሠራም፤ የጭራቁ ፊት የጎረቤት ፊት ነበርና። በወገራና በስሜን ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን፣ ሌሎች ባለ እጆችም፣ በዚህ ስም ሲፈሩና ሲገለሉ ኖረዋል። ማረሻውና ጀበናው ግን ከእነርሱው ይገዛ ነበር። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ስሙ በቀሩት ባለ እጆች ላይ እንዳለ ቆየ።

የጌም ዓለምም የእውነተኛ ሰዎችን ፊት ለጭራቅ ሰጠ ከሚል ክስ አላመለጠም። የጃፓኑ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ሬዚደንት ኢቭል 5 ታሪኩ የሚፈጸመው ኪጁጁ በምትባል ምናባዊ የአፍሪካ ምድር ነው። ጌሙ ገና ሳይወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው ማስታወቂያ አንድ ነጭ ጀግና የተለከፉ ጥቁር መንደርተኞችን ሲገድል በማሳየቱ ብርቱ ትችት ገጥሞታል።