የሼክስፒር መልክና የባላባቱ ጥያቄ

በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መጻሕፍት ላይ አንድ ሥዕል አይጠፋም። ግንባሩ ሰፊና ገላጣ፣ ፀጉሩ ጆሮው ላይ የወረደ፣ አንገቱ ዙሪያ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ኮሌታ ያለው ሰው ነው። ዊልያም ሼክስፒር ነው ይባላል፤ ነውም። ታዲያ ሥዕሉ እንዴት ተሠራ? ለምንስ ክርክር አስነሣ? (የአውሮፓውን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛው ጽፈናል።)

ሥዕሉ የብሩሽ ሥራ አይደለም። ማርቲን ድሮሾት የተባለ ቀራጭ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በሹል ብረት እየፋቀ ያወጣው ነው። ከእንጨት ቅርጽ ጋር እንዳናምታታው። ከጭልሞ ደን በወደቀ የጥድ ቁራጭ ላይ ፊደል ቀርጸን ብናትም ቀለም የሚይዘው ከፍ ብሎ የቀረው ነው፤ ልክ እንደ ቢሮ ማኅተም። የመዳቡ ግን ተቃራኒ ነው። ሰሌዳው በሙሉ ቀለም ይቀባና ላዩ በጨርቅ ይጠረጋል። በተፋቀው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ የገባው ቀለም ብቻ ይቀራል። ከዚያ እርጥብ ወረቀት ይነጠፍበትና በከባድ መጫኛ ሲጨፈለቅ፣ ወረቀቱ ቀለሙን ከጎድጓዳው ስቦ ያወጣዋል። ጥላ ሲያስፈልግ መስመሮቹን ማቀራረብና ማጠላለፍ ነው። ቀራጩ ደግሞ ሁሉንም ገልብጦ መሥራት አለበት፤ ሰሌዳው ላይ ግራ የነበረው ወረቀቱ ላይ ቀኝ ይሆናልና። ላጲስ የለም!

ሼክስፒር የሞተው በ1616 ነው። ጆን ሄሚንግስና ሄንሪ ኮንዴል የተባሉ የሙያ ጓደኞቹ፣ ሁለቱም ተዋንያን፣ 36 ተውኔቶቹን ሰብስበው በ1623 በአንድ ትልቅ ጥራዝ አወጡ። ሥዕሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከ36ቱ ግማሾቹ ከዚያ በፊት ታትመው አያውቁም፤ «ማክቤዝ» ከነሱ አንዱ ነው። ብዙ አጥኚዎች እንደሚሉት ድሮሾት ባለ ቅኔው ሲሞት ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ ፊት ለፊት አስቀምጦ ሳይሆን ከሌላ ሥዕል እያየ ሳይቀርጸው አይቀርም። ሥራውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል አይደለም። ራሱ ለትከሻው በዝቷል። በ1911 አንድ የልብስ ሰፊዎች መጽሔት ኮቱን መርምሮ አንደኛው ወገን የፊት፣ ሌላኛው የጀርባ ስፌት ይመስላል ብሎ ጻፈ።

ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። «ይህ ሥዕል ጭንብል ነው፤ ከኋላው ሌላ ሰው አለ» የሚሉ ተነሡ። ሼክስፒር የጓንት ሰፊ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። እንዲህ ያለ ሰው የነገሥታትን ግቢ እንዴት ያውቃል? ሉኒ የሚባል እንግሊዛዊ በ1920 መጽሐፍ አሳትሞ፣ እውነተኛው ደራሲ የኦክስፎርዱ ኤርል ኤድዋርድ ዴ ቬር ነው አለ። ዴ ቬር በእርግጥም መኳንንትና ገጣሚ ነበር። የሚገርመን ግን ሉኒ የትምህርት ቤት አስተማሪ መሆኑ ነው! የእኛው ሙያ ሰው።

ዴ ቬር የሞተው በ1604 ነው። «ማክቤዝ» እና «ዘ ቴምፐስት» ከዚያ በኋላ እንደተጻፉ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። ባላባቱ በራሱ ስም የተዋቸው ግጥሞችም አሉ፤ ስሙን የሚደብቅ ሰው አልነበረም። በስትራትፎርድ ከተማ ደግሞ ላቲን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበር። የኮቱ ስፌት የሚያሳየው የቀራጩን እጅ ነው እንጂ የደራሲውን ዘር አይደለም። ከሥዕሉ ትይዩ ባለው ገጽ ላይ ጓደኛው ቤን ጆንሰን በግጥም አንባቢውን ከሥዕሉ ይልቅ መጽሐፉን እንዲያይ ይመክረዋል። ያ ምክር ያልተሰማው ሥዕሉ ስለሚቀል ይመስለናል።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ የመለሳቸው ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ ነው። የ1623ቱ ጥራዝ ባይኖር ማክቤዝ እጁ ላይ መድረሱ ያጠራጥራል። ፀጋዬ አምቦ ትምህርት ቤት ሳለ፣ ገና በልጅነቱ፣ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ ተውኔት ጽፎ ጃንሆይ በተገኙበት ታይቷል። የቦዳ ልጅ የሲራኩስን ንጉሥ ከየት አወቀው? ከመጽሐፍና ከአስተማሪ ነዋ። በሉኒ ሚዛን ብንሄድ ግን ለዚያም ተውኔት አንድ ባላባት ልንፈልግለት ነው።