«አልፎ አልፎ» ስንት ነው?

ባለፈው ዓመት አጎቴን ይዤ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ጋሼ 63 ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የወሰደን አልለቅ ያላቸው ራስ ምታት ነው። ነርሷ ግፊታቸውን ለክታ ካርዱ ላይ 148 በ94 ብላ ጻፈች። ሐኪሟ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ስለ ጨው ጠየቀች፣ ስለ እንቅልፍ ጠየቀች፣ ከዚያ ድምጿን ሳትቀይር «መጠጥስ ይቀምሳሉ?» አለቻቸው።

«አልፎ አልፎ ነው፣ ልጄ።»

ይህን መልስ ሰምቶ የማያውቅ ሐኪም ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ «ለጨዋታ ያህል» ይላል፣ ሌላው «ለማኅበራዊ ኑሮ»። እኔም ብጠየቅ ከዚህ የተለየ ነገር አልመልስም። ሐኪሙ «እሺ» ብሎ ካለፈው ወሬው እዚያው ያበቃል፤ ብዙውን ጊዜም የሚያበቃው እዚያው ነው። ይህችኛዋ አላለፈችውም።

«አልፎ አልፎ ሲሉ በሳምንት ስንት ቀን ይሆናል?»

ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ። ማክሰኞ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ሰፈር ያለው ግሮሰሪ፣ ሐሙስ እንደዚያው፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ረቡዕና ዓርብን አይነኩም። አራተኛው ጣት ሲታጠፍ ራሳቸውም ትንሽ ደነገጡ። «በአንድ ቀንስ ስንት ይሆናል?» ስትላቸው «ሦስት ቢራ» አሉና ወደ እኔ አየት አድርገው «አራት ብትይው ይሻላል» ብለው አረሙት።

ያኔ ነው ከመሳቢያዋ አንድ ገጽ ወረቀት ያወጣችው። ወረቀቱ «ኦዲት» ይባላል። ስሙ የእንግሊዝኛ ቃላት ምኅጻር ነው፤ እኛ ጆሮ ሲደርስ ግን የሒሳብ ምርመራ ይመስላል፤ ሥራውም ቢሆን ከዚያ ብዙ አይርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት አገሮች ሕሙማን ላይ ሞክሮ ያዘጋጀው ሲሆን ከስድስቱ አንዷ ጎረቤታችን ኬንያ ናት። አሥር ጥያቄዎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስለ መጠኑ ይጠይቃሉ፦ በስንት ጊዜው፣ በአንድ ጊዜ ስንት፣ ስድስትና ከዚያ በላይ የሚጠጣውስ በየስንት ጊዜው። የተቀሩት መጠጡ በኑሮ ላይ ያደረሰውን ይፈትሻሉ። ከጀመሩ በኋላ ማቆም አቅቶዎት ያውቃል? ጠዋት ሳይቀምሱ መነሣት አቅቶዎት ያውቃል? የማታውን ማስታወስ ያቃተዎት ጊዜስ? የመጨረሻው ጥያቄ ዘመድ፣ ወዳጅ ወይም ሐኪም «ቀንስ» ብሎ ያውቅ እንደሆነ ነው። እዚህ ላይ ጋሼ በሩን አዩት። ባለቤታቸው እትዬ ከበሩ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር።

አራት ለድግግሞሹ፣ ሁለት ለመጠኑ፣ ሁለት በየወሩ ለማይቀሩት ሠርግና ተዝካር፣ አራት ለእትዬ። ድምሩ 12 መጣ። ወረቀቱ ከ40 ነው የሚያዘው። ከ8 በታች ያለው ብዙ አያሳስብም። ከ8 እስከ 15 ያለው አጭር ምክር ይሰጠዋል፣ ከ16 እስከ 19 ያለው ተከታታይ ምክርና ክትትል ይጀምራል፣ 20 እና ከዚያ በላይ ያመጣው ደግሞ ወደ ልዩ ሕክምና ይላካል። «ሰካራም ነዎት ማለት አይደለም» አለቻቸው። «ግፊትዎን ከፍ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ግን ይኸው ሊሆን ይችላል።»

ይህ አጭር ምክር የሚባለው ነገር ሕክምና ሆኖ ሲቆጠር ገና ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከዚያ በፊት በሐኪሙም በሰዉም አስተሳሰብ ጠጪ ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፦ ሱሰኛና ጤነኛ። ሱሰኛው ሆስፒታል ይተኛል፣ ጤነኛውን የሚጠይቀው የለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ግሪፊዝ ኤድዋርድስ የተባሉ የለንደን የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ይህን አናጋው። የመጠጥ ችግር ያለባቸውን 100 ባለትዳር ወንዶች ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ለወራት የዘለቀ የተሟላ ሕክምና አገኙ። የቀሩትን ሚስቶቻቸው ባሉበት አንድ ጊዜ ብቻ አነጋግረዋቸው «ከዚህ በኋላ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው» ብለው አሰናበቷቸው። ከዓመት በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እኔ በዚህ ጥናት ላይ ዓይኔ የሚያርፈው ሚስቶቹ በመቀመጣቸው ላይ ነው፤ የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁት ማን ይናገራል።

ለንደን ላይ አንድ ምክር ሱስ የያዘውን እንኳ ከረዳ፣ ገና ሱስ ያልያዘው ደግሞ የሚገኘው በቤተሰብ ሐኪሙ በር ላይ ነው። እንግሊዞች ነገሩን ወደዚያ ወሰዱት። በብሪታንያ ሁሉም ሰው ለማለት ይቻላል በአካባቢው የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ለጉንፋንም ለወገብ ሕመምም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ታትሞ የወጣ፣ 47 ጤና ጣቢያዎችንና 909 ታካሚዎችን ያቀፈ ጥናት የሐኪሙ ምክር ፍጆታን እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ በኋላ ሙከራው በዓለም ዙሪያ ተባዛ። እ.ኤ.አ. በ2018 ስድሳ ዘጠኝ ጥናቶች፣ ከ33 ሺህ በላይ ሰዎች፣ በአንድ ላይ ተገምግመው ነበር። ምክር ያገኙት ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ ከዓመት በኋላ በሳምንት በአማካይ 20 ግራም ያህል አልኮል ቀንሰው ይጠጣሉ።

ሃያ ግራም ማለት አንድ ተኩል ጠርሙስ ቢራ ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳነበው «ይኸው ነው?» ብያለሁ። ለአንድ ሰው ትንሽ ናት። ነገር ግን ለማግኘት የወጣው ወጪ የአምስት ደቂቃ ወሬ ነው፤ ረዘም ያለ ምክር ደግሞ ከአጭሩ እምብዛም የተሻለ አልሆነም። እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ይባስ ብሎ ሦስት መንገድ አወዳደረ። አንደኛው ወገን ውጤቱ ተነግሮት በራሪ ጽሑፍ ብቻ ተሰጠው፣ ሁለተኛው አምስት ደቂቃ ተመከረ፣ ሦስተኛው ሃያ ደቂቃ። ልዩነት አልታየም። ለኔ የሚታየኝ፣ ከምክሩ ይልቅ ሥራውን የሚሠራው ጥያቄው ሳይሆን አይቀርም። ጋሼን ያስደነገጣቸው አራተኛው ጣታቸው እንጂ የሐኪሟ ንግግር አልነበረም።

ለመቁጠር ግን መለኪያ ያስፈልጋል፤ የኛ አገር ችግርም እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ መጠጥ የሚለው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘውን ነው። የእንግሊዞቹ አሃድ 8 ግራም ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መመሪያቸው በሳምንት ከ14 አሃድ አትለፉ፣ እሱንም በሦስትና ከዚያ በላይ ቀናት አዳርሱት ይላል። ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢራ፣ ጥንካሬው 5 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም ይይዛል። የጋሼ አሥራ ስድስት ጠርሙስ በእንግሊዞቹ ቁጥር 26 አሃድ ነው፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቢራ ግን መለያ ወረቀት ተለጥፎበታል። የጠላ ጥንካሬ እንደ ጠማቂዋ ነው፤ የማለዳው ከሰንበቴው ይለያል። ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ ይቀዳል፤ ዳግም አረቄ ከሆነ ደግሞ አርባ ሚሊ ሊትር ብቻ የምትይዝ ትንሽ መለኪያ የአንድ ሙሉ ጠርሙስ ቢራ አቻ ልትሆን ትችላለች። «አንዲት መለኪያ ብቻ» የሚል ሰው ስንት እንደጠጣ ራሱም አያውቅም። ጥሩ ሐኪም ስለዚህ በግራም አይጠይቅም፤ በምን እንደሚቀዳና ስንቴ እንደሚሞላ ይጠይቃል።

አጠያየቁ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጽሑፍ ሰው ሲጫኑት እንደሚሟገት፣ ሲጠይቁት ግን ለለውጥ የሚከራከረው ራሱ እንደሚሆን ገለጡ። በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን አንድ ብልሃት በዓይኔ አየሁት።

«ጋሼ፣ መቀነሱ ለእርስዎ ከ10 ስንት ያህል አስፈላጊ ነው?»

«አምስት።»

እኔ ብሆን ኖሮ «እንዴት አምስት ብቻ!» እል ነበር። እሷ «ለምን ሁለት አላሉም?» አለች።

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ወንድማቸው (አባቴ ነው) በስትሮክ እንደወደቀ፣ የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት እሳቸው እንደሆኑ፣ እሑድ ማታ እንቅልፍ እንደሚያጡ በራሳቸው አፍ ዘረዘሩት። እሷ የጨመረችው አልነበረም። ቀጥላ የጠየቀችው ከየትኛው ቀን መጀመር እንደሚቀላቸው ነው። ሐሙስን መረጡ፤ «ሐሙስ የሚመጡት ሰዎች ወሬያቸውም አይጥመኝም» አሉ።

ከባዱ «በሞቴ» ነው። እንግሊዝኛው መመሪያ የማያውቀው ነገር ቢኖር ይህ ነው። እዚያ ሰውዬው ራሱ ቀድቶ ራሱ ያቆማል፤ እዚህ ብርሌው ጎደል ሲል ባለቤቷ ቆማ ትጠብቃለች። ሐኪሟ ይህንንም አልዘለለችውም። ብርሌውን ሳያጎድሉ ማቆየት፣ ብርዝ ወይም ከአልኮል ነፃ ማልት አስቀድሞ መጠየቅ፣ ካልሆነም «መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት። የመጨረሻው ለጋሼ ውሸት አልነበረም፤ የግፊት መድኃኒት ጀምረው ነበርና።

ይህ አሠራር ወደ አገራችን በጥቂት በሮች ገብቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚህ ሌላም የአእምሮ ጤናን ከጤና ጣቢያ አገልግሎት ጋር ለማቀናጀት በተሠራው ሥራ፣ በተለይ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ፣ የመጠጥ ችግር እንዲታከሙ ከተመረጡት አንዱ ነበር። መንግሥት በሕግ በኩል የመጣው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፤ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወጣ፣ የመግዣ ዕድሜንም 21 አደረገው። ሐኪሙ ግን ያው በር ላይ ስልሳ ሰው ተሰልፎበት ነው የሚጠይቀው። አሥሩን ለመጠየቅ ጊዜ የሌለው ሦስቱን የመጀመሪያዎቹን ብቻ ቢጠይቅ ይበቃዋል፤ ለዚያም የተዘጋጀ አጭር ቅጽ አለ።

ጋሼ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ። ሐሙስ ቀርቷል። ማክሰኞ ሁለት ሆኗል። መካከል ላይ ፋሲካ ገባና አንድ ሳምንት ሙሉ ተበላሸ፤ ይህን ራሳቸው ተናገሩ፣ ሐኪሟም ሳቀችና ጻፈችው። ግፊቱ 138 በ86 ነበር። ስንቱ ከመድኃኒቱ፣ ስንቱ ከሐሙስ እንደመጣ የሚለይ መሣሪያ የለም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሳይቀምስ የማይረጋጋ ሰው ካለ፣ ቀንስም በአንዴ አቁምም አትበሉት። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ ላብና መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል፣ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ የሚጥል ሕመም ሊመታው ይችላል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መቃዠትና ራስን መሳት ሊከተል ይችላል፤ ያልታከመ ሊሞት ይችላል። ይህ በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 የሚታከም ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ።